ምዕራፍ አምስት፦ ስለ ሙል ተሸካሚ ሰንሰለቶች ኅብረት

ከግራር ቅርፊት የሚንጠባጠበውን ሙጫ በንጹሕ ውሃ አሟሙቶ፥ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣውን ጄላቲንም እንዲሁ በሌላ ብርጭቆ አዘጋጅቶ፥ ሁለቱን እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሞቀ በኋላ አንዱን በአንዱ ላይ የገለበጠ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ለውጥ የለም፤ ሁለት የጠሩ ፈሳሾች ተገናኝተው አንድ የጠራ ፈሳሽ ሆነዋልና። ነገር ግን ኮምጣጤ በጠብታ እየለካ ቢጨምርበት፥ የፈሳሹ አሲድነት ኬሚስቶች ፒኤች 4 ወደሚሉት ልክ ሲቃረብ፥ ያ የጠራ ነገር በቅጽበት ይነጣል፤ ከብርጭቆው ማዶ የተቀመጠውን ጽሑፍ ለማንበብም አይቻልም። ከዚህ አንዲት ጠብታ ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ብትታይ፥ ንጣቱን ያመጣው ደለል ወይም ብናኝ አለመሆኑ ይገለጣል፤ የሚታዩት ቍጥር የሌላቸው ድቡልቡል ጠብታዎች ናቸው፥ ሁለቱ ሲነካኩም ድንበራቸውን አፍርሰው አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ። ብርጭቆው ሙቀቱን ሳያጣ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ፥ ሙጫውና ጄላቲኑ በብዛት የተከማቹበት ወፍራም ፈሳሽ ከሥር፥ ከሁለቱም የተራቆተ ቀጭን ውሃ ከላይ ሆኖ ይለያያል። በመጨረሻም በዚህ ላይ በቂ የገበታ ጨው ተጨምሮ ቢማሰል ንጣቱ ይጠፋል፥ ሁሉም ወደ ቀድሞው ጥራቱ ይመለሳል።

ኮምጣጤው ያሰባሰበው ምን ነበር? ጨውስ የበተነው በምን ኀይል ነው? የዚህ ምዕራፍ ጕዳይ ይኸው ነው፤ ነገሩ በብርጭቆ ውስጥ የሚታይ ትንሽ ትርኢት ቢመስልም፥ በእያንዳንዳችን ሕዋስ አስኳል ውስጥ የዘር ውርሳችን ተጠቅልሎ የሚቀመጥበት፥ በቀዶ ሕክምና ክፍልም የደም መርጋት የሚታዘዝበት ሥርዓት በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሁለቱ ፈሳሾች እንዲህ መለያየታቸውን ቲባክስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ በ1911 ጽፎት ነበር (በዚህ መጽሐፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምክንያቱን በጥልቀት የመረመሩትና ክሥተቱን ኮአሰርቬሽን ብለው የሰየሙት ግን በ1929 ቡንገንበርግ ዴ ዮንግና ክራይት የተባሉት፥ እነርሱም የሆላንድ ሰዎች፥ ናቸው። ሊታወስ የሚገባው በዚያ ጊዜ ሙጫም ሆነ ጄላቲን ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ መሆናቸው በሊቃውንት ዘንድ ገና ያልተረጋገጠ ነገር መሆኑ ነው፤ ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ይህን አሳብ በ1920 ቢያቀርበውም ብዙ ተቃዋሚ ተነሥቶበት፥ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1953 ነበር። እነዚያ ሁለቱ የሆላንድ ሊቃውንት ሰንሰለቱን ሳያውቁ የሰንሰለቱን ጠባይ ለይተው ማወቃቸውን ሳስብ፥ ትዕግሥት የተመላበት የዓይን ምልከታ ከመሣሪያ ብዛት የማያንስ መሆኑን እገነዘባለሁ።

ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። በግራር ሙጫ ሰንሰለት ላይ እዚህም እዚያም የአሲድ ጠባይ ያላቸው ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጅናቸውን ስለሚለቁ ሰንሰለቱ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል፥ በተለምዶ ቻርጅ የምንለውን፥ ተሸክሞ ይቀራል። ጄላቲን ግን ባለ ሁለት ጠባይ ነው፤ አሉታዊውም አዎንታዊውም በአንድ ሰንሰለት ላይ ተሰካክተውበት ይገኛሉ፥ የትኛው እንደሚያይል የሚወስነውም የውሃው አሲድነት ነው። እንደ አሠራሩ ፒኤች ከ5 እስከ 9 ባለው አንድ ነጥብ ላይ ሁለቱ ይተካከላሉ፤ ከዚያ በላይ ጄላቲኑ አሉታዊ፥ ከዚያ በታች አዎንታዊ ይሆናል። እንግዲህ ኮምጣጤው ያደረገው የጄላቲኑን ሙል ወደ አዎንታዊ መለወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በብርጭቆው ውስጥ የተገናኙት ተቃራኒ ሙል የተሸከሙ ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ሲደርስ አንባቢ፥ «ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉና ተያያዙ፤ ምስጢሩ ይኸው ነው» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል፤ ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍትም ነገሩን በዚህ ይዘጉታል። እኔ ግን ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር የሚሰውር ነው እላለሁ፥ ምክንያቱንም በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል።

በመጀመሪያ ደረጃ ውሃ በሙሎች መካከል ያለውን መሳሳብ እጅግ የሚያደክም ፈሳሽ ነው፤ በባዶ ስፍራ ከሚኖረው ኀይል ሰማንያ ያህል ጊዜ ያሳንሰዋል። በሁለተኛም ደረጃ፥ ይህም የሚበልጠው ነው፥ በቀድሞው ዘመን አንድ ደጃዝማች ከግቢው ሲወጣ ብቻውን እንደማይሄድ፥ ጋሻ ጃግሬውና አሽከሩ ከፊትም ከኋላም ከብቦት እንደሚጓዝ ሁሉ፥ ሙል የተሸከመ ሰንሰለትም በውሃ ውስጥ ያለ አጀብ አይገኝም። አሉታዊው ሰንሰለት እንደ ሶዲየም ያሉ ጥቃቅን አዎንታዊ አዮኖችን፥ አዎንታዊውም እንደ ክሎሪድ ያሉ አሉታዊ አዮኖችን በዙሪያው አስከትሎ ይኖራል፤ አለዚያማ በአንድ ሰንሰለት ላይ የተደረደሩት ተመሳሳይ ሙሎች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ መቀመጫ ባጡ ነበር። ሙላቸው በሳሳ ሰንሰለቶች፥ እንደ ግራር ሙጫ ባሉት፥ ይህ አጀብ ልልና ራቅ ያለ ነው፤ ሙላቸው በተጠጋጋ ጊዜ ግን ጥብቅ ይሆናል። አሜሪካዊው ጄራልድ ማኒንግ በ1969 ይህንን በልክ አስቀምጦታል፦ በውሃ ውስጥ ሁለት ነጠላ ሙሎች አንዱ በአንዱ ላይ ያላቸው ኀይል ከሙቀት መንቀጥቀጥ ጋር የሚተካከልበት ርቀት 0.7 ናኖሜትር ያህል ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ሙሎች ከዚህ ይልቅ ተቀራርበው ከተገኙ፥ አጃቢ አዮኖች ወደ ሰንሰለቱ ተጠግተው ከላዩ ላይ ይሰፍራሉ፥ ርቀቱም በውጤቱ ወደዚያው ልክ እስኪመለስ ድረስ አይለቁትም። የዘር ውርስ የተጻፈበት ዲኤንኤ በእያንዳንዱ 0.17 ናኖሜትር አንድ አሉታዊ ሙል አለው፤ ስለዚህ ከሙሉ ሦስት አራተኛ ያህሉ በእነዚህ አጃቢዎች ተሸፍኖ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲገናኙ የሚሆነውን እንመልከት። አዎንታዊው ሰንሰለት በአሉታዊው ላይ ሲያርፍ አንዱ ለሌላው አጃቢ ይሆነዋል፤ እንግዲህ እነዚያ በሺሕ የሚቈጠሩ ጥቃቅን አዮኖች ከሁለቱም ወገን ሥራ ፈተው ይሰናበታሉ፥ በሰፊው ውሃ ውስጥም እንደ ፈቀዳቸው ይበተናሉ። ከእነርሱም ጋር ሙሎቹን ከብቦ በሥርዓት ተደርድሮ የነበረ ብዙ የውሃ ሞለኪውል ይለቀቃል። ተፈጥሮ ያለ አስገዳጅ ወደዚህ የምታዘነብለው ነገሮች ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ ሲበዛ፥ ይኸውም ሊቃውንቱ ኢንትሮፒ የሚሉት ሲያድግ፥ ነው፤ ከሰንሰለት ጋር ተጣብቆ የነበረ አዮን የነበረው ስፍራ ጥቂት ሲሆን ከተለቀቀ በኋላ የሚገኝበት ስፍራ እጅግ ብዙ ነው። ሁለቱ ግዙፋን በመተሳሰራቸው የሚያጡት ነጻነት ትንሽ ነው፥ እነርሱ ሁለት ብቻ ናቸውና፤ ጥቃቅኑ የሚያገኙት ግን በቍጥራቸው ብዛት ይህን ኪሳራ ደጋግሞ ይከፍላል። ኅብረቱን የሚያጸናው ዋናው ነገር፥ በእኔ ግንዛቤ ከዚህ ምዕራፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ ባይረሳ የምመኘው፥ የተያያዙት የሚያገኙት ፍቅር ሳይሆን የተለቀቁት የሚያገኙት ነጻነት ነው።

ይህ ንድፈ አሳብ ብቻ ሆኖ የቀረ እንዳይመስል ሁለት ምስክሮች እጠራለሁ። አንደኛው የሙቀት ልኬት ነው። መሳሳቡ ብቻውን ዋና ምክንያት ቢሆን ኖሮ፥ ሰንሰለቶቹ ሲያያዙ ጕልበት በሙቀት መልክ በብዛት ሊወጣ ይገባው ነበር፤ ካሎሪሜትር በሚባለው ስስ መሣሪያ ሲለካ ግን የሚወጣው ሙቀት ብዙ ጊዜ ኢምንት ነው፥ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ዘንድ ኅብረቱ ከአካባቢው ሙቀት እየወሰደ ይቀዘቅዛል፥ ነገር ግን ሳይቆም ይፈጸማል። ሁለተኛው ምስክር ያ የገበታ ጨው ነው። ውሃው አስቀድሞ በሶዲየምና በክሎሪድ ከተሞላ፥ የሚሰናበቱት አዮኖች የሚሄዱት ወደ ተጨናነቀ ስፍራ ነው፥ የሚያተርፉትም ነጻነት አነስተኛ ይሆናል፤ በዚህም ላይ የጨው አዮኖች በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል እየገቡ ይጋርዷቸዋል፥ ሙል በንጹሕ ውሃ ውስጥ እስከ ብዙ መቶ ናኖሜትር ድረስ የሚሰማ ሲሆን በደማችን ባለው የጨው መጠን ግን ከ1 ናኖሜትር አያልፍም። ስለዚህ ጨው ሲበዛ ትርፉ ከኪሳራው ያንሳል፥ ጠብታዎቹም ይፈርሳሉ።

ይህንን ሁሉ በሒሳብ ለማሰር የደፈሩት በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ቴዎዶር ኦቨርቤክና ቮርን ሲሆኑ፥ ጊዜው 1957 ነበር። ሒሳባቸው ለሰንሰለት መቀላቀል የወጣውን ቀመር ለተራ ጨው ከወጣው ጋር ያጣመረ ነው፤ ነገር ግን በሰንሰለት ላይ የተሰካኩትን ሙሎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንደሚንሳፈፉ አድርጎ ይቈጥራል፥ ይህም ግልጽ ስሕተት ነው። እንዲህም ሆኖ ከሙከራው ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይቀራረባል፤ ኋላ የመጡት መርማሪዎች እንዳሳዩት ይህ የሆነው ሁለት ጉድለቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሆነው ስለተካካሱ ነው። ለማስተማር አሁንም የሚጠቅም ሒሳብ ነው፤ ለመተማመኛ ግን አይበቃም።

ከዚህ ወደ ሌላ ከማለፌ በፊት ኅብረቱ ሁልጊዜ ፈሳሽ ጠብታ የሚሰጥ እንዳይመስል ላስጠንቅቅ። በ1961 አላን ማይክልስና ሚየካ ሙላቸው የጠነከረና የተጠጋጋ ሁለት ሰው ሠራሽ ሰንሰለቶችን ሲቀላቅሉ ያገኙት ጠጣር ዝቃጭ ነበር፥ በተለመደው የጨው ውሃም አልሟሟ አለ። ጨው በጨመረ ቍጥር እንዲህ ያለው ጠጣር ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፥ ከዚያም ፈሳሽ ይሆናል፥ በመጨረሻም ይሟሟል፤ እሳት በሰም ላይ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ጨው ይሠራዋል።

የግራር ሙጫና የጄላቲን ጠብታዎች ወደ ንግድ ዓለም የገቡት በአሜሪካ ዴይተን ከተማ ነው። በዚያ የነበረው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ኬሚስት ባሬት ግሪን ያስተዋለው ነገር፥ እነዚህ ጠብታዎች ከውሃው ጋር ያላቸው የገጽ ውጥረት እጅግ ዝቅተኛ ስለሆነ በአጠገባቸው የዘይት ጠብታ ካገኙ ዙሪያውን ከበው እንደሚለብሱት ነበር። ቀለም አልባ የሆነ ማቅለሚያ በዘይት ውስጥ አሟሙቶ፥ ዘይቱን በጄላቲንና በሙጫ ውሃ ውስጥ በትኖ፥ አሲድ ጨምሮ ልብሱን አለበሰው፤ ከዚያም አቀዝቅዞ በኬሚካል አጠነከረው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች ከላይኛው ወረቀት ጀርባ ተቀብተው፥ በታችኛው ወረቀት ፊት ደግሞ አሲድነት ያለው ሸክላ ተለብጦ፥ ብዕር ሲጫናቸው ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፥ ማቅለሚያውም ሸክላውን ሲነካ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ያለ ካርቦን የሚገለብጥ ወረቀት በ1954 ለገበያ ቀረበ፤ ደረሰኝ ሲጻፍ እጁ በካርቦን የጠቆረ ሁሉ ጥቅሙን ያውቀዋል። ኋላ በጄላቲኑ ፈንታ ሌሎች ሰው ሠራሽ ልብሶች ተተኩ፤ መንገዱን የከፈተው ግን የግራር ሙጫ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሕያው ፍጥረት አንጻር ሲታይ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ1869 ስዊሳዊው ፍሪድሪኽ ሚሸር በጀርመን ቱቢንገን ከሐኪም ቤት በሚመጣ ቍስል የታሸገበት ጨርቅ ላይ ካለው መግል ውስጥ፥ ከሕዋሳቱ አስኳል፥ ፎስፎረስ የበዛበት አሲድ የመሰለ አዲስ ነገር ለየ፤ ኋላ ዲኤንኤ የተባለው ይህ ነው። ወደ አገሩ ወደ ባዝል ሲመለስ፥ ባዝል የራይን ወንዝ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ እንቍላሉን ሊጥል ሽቅብ ወጥቶ የሚደርስባት ከተማ ነበረችና፥ የወንዱን ዓሣ ዘር ለምርመራው ያለ ችግር ያገኝ ነበር፤ በ1874ም ያ አሲድ በዓሣው ዘር ውስጥ ከአንድ ጽኑዕ ቤዝ ጋር ተጣምሮ እንደሚኖር ገለጸ፥ ቤዙንም ፕሮታሚን ብሎ ጠራው። እንግዲህ ሚሸር ስለ ሰንሰለትም ስለ አጃቢ አዮንም የሚያውቅበት ዘመን ሳይደርስ፥ ተቃራኒ ሙል የተሸከሙ የሁለት ሰንሰለቶችን ኅብረት ከሕያው አካል ውስጥ አውጥቶ በእጁ ይዞ ነበር።

ይህ ፕሮታሚን በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። የሳልሞኑ ፕሮታሚን 32 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ሲሆን፥ ከእነዚህ 21ዱ አርጂኒን የተባለው አዎንታዊ ሙል ተሸካሚ ናቸው፤ በአንዳንድ ስፍራ አራት፥ አምስት፥ ስድስት ሆነው ያለ ማቋረጥ ይደረደራሉ። በዓሣው ዘር ውስጥ ዲኤንኤውን ጨምቆ እጅግ በጠበበ ስፍራ እንዲታሸግ የሚያደርገው ይህ ነው። የሚያስደንቀው ግን ለዓሣ መራባት የተሰጠው ይህ ሰንሰለት በሰው ሕክምና ውስጥ ሁለት ጊዜ አገልጋይ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ልብ ተከፍታ በምትታከምበት ጊዜ የሕመምተኛው ደም ከሰውነቱ ወጥቶ በመሣሪያ ውስጥ ስለሚዘዋወር፥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት ይሰጠዋል። ሄፓሪን ስኳሮች የተያያዙበት ሰንሰለት ሲሆን፥ በሰልፌት ብዛት ምክንያት በሕያዋን አካል ከሚገኙት ሁሉ እጅግ አሉታዊ ከሆኑት ሞለኪውሎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ ግን ደሙ እንደገና መርጋት አለበት፥ አለዚያ ሕመምተኛው ደሙ አልቆ ይሞታል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ፕሮታሚን በዝግታ ወደ ደም ሥሩ ያስገባል፤ አዎንታዊው ሰንሰለት አሉታዊውን ይይዘዋል፥ ሄፓሪኑም የሚሠራበትን የደም ፕሮቲን ትቶ ከፕሮታሚኑ ጋር ይታሰራል፥ በደቂቃዎች ውስጥም ደሙ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። በግምት አንድ ሚሊግራም ፕሮታሚን መቶ ዩኒት ሄፓሪን ያከሽፋል፤ በብርጭቆ ውስጥ ሙል ከሙል ጋር እንደሚመዛዘን ሁሉ ሐኪሙም በመርፌ የሚመዝነው ይህንኑ ነው። ይህን የፕሮታሚን ጠባይ በ1937 ቻርጋፍና ኦልሰን አስታወቁ።

ሁለተኛው አገልግሎት በአገራችን የስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ኢንሱሊን ፒኤች 5.3 አካባቢ ላይ ሙሉ የሚተካከል ፕሮቲን ስለሆነ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ አሉታዊ ነው፤ ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1936 ከፕሮታሚን ጋር ሲያጣምረው በቆዳ ሥር ቀስ እያለ የሚሟሟ፥ ኀይሉም ለብዙ ሰዓት የሚዘልቅ መድኃኒት ሆነ። በ1946 የተሻሻለው ዐይነት ኤንፒኤች ይባላል፥ መካከለኛው ፊደል ፕሮታሚን፥ የመጨረሻው የሃገዶርን ነው። ከመወጋቱ በፊት ጠርሙሱ በመዳፍ መካከል በቀስታ እንዲንከባለል የሚታዘዘው፥ መልኩም ደመናማ የሆነው፥ ያ ኅብረት በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ ስለሚገኝ ነው።

እኛም በየሕዋሳችን ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለንም። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፥ የሚያድርበት አስኳል ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ክፍል አይበልጥም፤ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው አልብሬክት ኮስል በ1884 ከዝይ ደም ባገኛቸው፥ ሂስቶን በሚባሉት አዎንታዊ ፕሮቲኖች ላይ ነው። በእያንዳንዱ የሂስቶን እምብርት ላይ 147 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ይጠመጠማሉ፥ ኤች1 የተባለው ተጨማሪ ሂስቶንም መግቢያና መውጫውን ያጠብቃል። ነገር ግን ሕዋሱ ከተጻፈው ለማንበብ በየጊዜው ይህን ጥቅል መፍታት አለበትና፥ እንዲህ ያለ ጽኑዕ ኅብረት ያለ ብዙ ጨው በፍጥነት የሚፈታው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያስጨንቅ ኖሯል።

መልሱ በከፊል የተገኘው በ2018 ነው። የዙሪኩ ቤንጃሚን ሹለርና የኮፐንሃገኗ ቢርተ ክራገሉንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኤች1ን ፕሮታይሞሲን አልፋ ከተባለው እጅግ አሉታዊ ፕሮቲን ጋር አገናኟቸው፤ አንደኛው 53 አዎንታዊ፥ ሁለተኛው 44 አሉታዊ ትርፍ ሙል አላቸው። ኅብረታቸው በጣም ጽኑዕ ሆኖ ተገኘ፥ ሁለቱ ሰንሰለቶች ግን ተያይዘውም ሳሉ ቋሚ ቅርጽ ይዘው አልተገኙም፤ አንዱ በሌላው ዙሪያ ሳያርፍ ይገለባበጣል፥ የትኛው ሙል ከየትኛው ጋር እንደሚጣመርም በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። አንድም ቁልፍ ከአንድ መቆለፊያ ጋር ለዘለቄታ ስላልታሰረ፥ ሦስተኛ ሰንሰለት ቢመጣ መግቢያ አያጣም። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው፦ ፕሮታይሞሲኑ ኤች1 በዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ሳለ ይጠጋዋል፥ የላሉትን ሙሎች አንድ በአንድ ይይዛል፥ ለጥቂት ጊዜም ሦስቱ በአንድነት ይቆያሉ፥ ከዚያም ኤች1ን ከዲኤንኤው አላቅቆ ይዞት ይሄዳል፤ ኤች1 ራሱ እስኪለቅ ድረስ ከሚጠበቀው ጊዜ ይልቅ ይህ እጅግ ፈጥኖ ይፈጸማል።